ዓይን የሌላቸው ተሳፋሪዎች

የሐኪሙ ወረቀት አጎቴ ጃቢር ዓይኑን ያጣው በግላኮማ ነው ይላል። ወረቀቱ አይዋሽም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ያን ዓመት እጄ ላይ አንድ ነጭ ላጲስ እንደነበረና በላጲሱ ምን እንደሠራሁ አልተጻፈበትም። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሱና እኔ። እሱ ለማንም አልተናገረም። እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ፤ የእኔ ዝምታ ግን እንደ እሱ ዝምታ ንጹሕ አይደለም።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ለንግድ መተማ ስለሚከርም፣ እኔና እናቴ ኩልሱም የምንኖረው ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከአያቴ ከሐጂ ዐብዱረሕማን ቤት ነው። ቤቱ ከፊት ጨርቅ መሸጫ፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር። ጃቢር የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀኑን ከአያቴ ጋር ጨርቅ ሲለካ ይውልና ከዐስር ሰላት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው መጋዘን ገብቶ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣል። የሚሥለው የአቡጀዲ ጣቃ ተጠቅልሎ በሚመጣበት ወፍራም ወረቀት ላይ ነበር። አያቴ ወረቀቱን ለዕቃ መጠቅለያ ይፈልጉታል፣ ጃቢር ደግሞ ቀድሞ ይሰርቀዋል። መጋዘኗ አዲስ ጨርቅና የተቀረጸ እርሳስ ትሸታለች። አሁንም ሱቅ ውስጥ አንድ ተማሪ እርሳስ ሲቀርጽ ከሸተተኝ ወደ መጋዘኗ በር ዞር እላለሁ።

ማንበብ ሳልችል ጀምሮ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። በቁራጭ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ይሥልልኝና ከሥዕሉ ውስጥ ስህተት ይደብቅበታል። አምስት እግር ያላት አህያ፣ ጥላው በፀሐይዋ በኩል የወደቀ ሰው፣ ጆሮው አገጩ ላይ የተለጠፈ ወታደር። "ስህተቱን ፈልጊና አጥፊ" ይለኛል ላጲሱን እየሰጠኝ። ካገኘሁ ከረሜላ አለ። "አላገኘሁም" ካልኩ ግን መልሱን ነግሮኝ አያውቅም፤ "ደግመሽ ፈልጊ" ነው የሚለው። ጨዋታው ሕግም ነበረው፤ ሁሉንም አግኝተሽ ሳትጨርሺ መናገር ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ልጅ ነበርኩ፤ የጎዳንም እሱው ነው።

ጃቢር ያን ጊዜ የያዘው ሥራ "ጉም" የሚባል በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፈ ጉም ይውጠዋል። ሾፌሩ አያ ቢሻው መንገዱ ስለጠፋበት መኪናውን ያቆማል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ዐዚዛ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ትወርድና ከጣቃዋ ነጭ አቡጀዲ ተርትራ ጀርባዋ ላይ ታስራለች፤ መንገዱን በእግሯ እየዳበሰች ከፊት ትሄዳለች፤ ሾፌሩም ያቺን ነጭ ጨርቅ እያየ በዝግታ ይከተላታል። በመጨረሻ ጉሙ ይገለጣል። ያኔ ሠላሳ ሁለቱም ሰዎች፣ ሾፌሩና ዐዚዛ ጭምር፣ ሲያልፉ የኖሩት በገደል አፋፍ ላይ እንደነበር ያያሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ያ ነው፤ በአንድ ወረቀት አንድ ትልቅ ፊት፣ ሠላሳ ሁለት ፊት፣ ሁሉም ገደሉን ሲያይ። ንግግር የለበትም። የታሪኩ ነፍስ ያለው ዓይናቸው ላይ ነው።

ኢዮስያስን ወደ ቤታችን ያመጣው ነጭ ጨርቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሰርግ የሚቀርጽ ቀጭን ልጅ ነበር። ለመጋረጃ የሚሆን ስድስት ሜትር ሊገዛ መጥቶ ጃቢር ጨርቁን ሊያወጣ መጋዘን ሲገባ ተከትሎት ገባ። የተደረደሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አየና መጋረጃውን ረሳው።

"ይሄ እኮ ፊልም ነው" አለ። "ካሜራው የት እንደሚቆም ሳይቀር ሠርተህ ጨርሰኸዋል። እኔ የሚቀረኝ አውቶቡስ መከራየት ነው።"

"መጨረሻው ገና ነው" አለ ጃቢር።

"ሐምሌ ሳይገባ ጨርስልኝ። ክረምቱ ካለፈ ጉሙን ከየት አመጣዋለሁ? ጉም ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።"

ጃቢር አንድ ነገር ብቻ ለመነው። "መጨረሻውን እንዳትነካብኝ። ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን እንደሣልኩት ቅረጸው።"

ኢዮስያስ በእናቱ ማለለት። መሐላውንም ጠብቋል፤ በዚህ ማንም አይወቅሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጃቢርን በየራሱ መንገድ ተረጎመው። እናቴ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በደጃፍ ቆማ ሰላም ብትለው አልፏት ሄደ። "ገና ፊልሙ ሳይሠራ ኮራብን" ብላ አኮረፈች። ጎረቤትም እንደዚያው አለ፤ ከጎን የሚመጣ ሰው አያይም፣ ካልጠሩት ዞር አይልም። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን በእጁ ጀርባ ገፍቶ ይደፋል፤ የመጋዘኑን በር መቃን በትከሻው ይመታል። አያቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ልቡን ሥዕሉ ዘንድ አስቀምጦ ነው የሚመጣው" ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ሊያስቀኝ መስሎኝ እስቅ ነበር። እሱም ስስቅ አብሮኝ ይስቃል።

ዛሬ ሐኪሙ ስላስረዳን አውቀዋለሁ። ግላኮማ ከዳር ነው የሚጀምረው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያደርጋል፤ ከዚያ ቀዳዳውም ይጠባል። አያምም፣ አያቀላም። ጃቢር አንድ ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አያቴ "ይሄ ሥዕል ዓይንህን ይበላዋል" ሲሉት ነው ያደገው፤ አሁን ሐኪም ጋ መሄዱ በላኝ ማለት ሆነበት። ሐምሌም እየቀረበ ነበር።

አያቴ ጨካኝ ሰው አልነበሩም። የሚያስጨንቃቸው አኼራ፣ የወዲያኛው ዓለም ነበር። "ነፍስ ያለውን ነገር ሥለህ፣ ነገ በል ነፍስ ዝራበት ብትባል ምን ልትመልስ ነው ልጄ?" ይሉታል፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ብዙ ከለመኑትና እንደማይተው ካወቁ በኋላ ልመናቸውን አሳነሱት። "በል እሺ፣ ቢያንስ ዓይኑን ተውለት። ዓይን ከሌለው ሰው አይደለም፤ ጌታዬም ያልፍህ ይሆናል።" ጃቢር መሬት መሬት እያየ ይሰማቸዋል፤ ማታ ደግሞ ከዓይን ይጀምራል።

ግንቦት ላይ ጃቢር ጥቁሩን እስክሪብቶ ለእኔ ሰጠኝ። "እጄን እየደከመኝ ነው። እኔ በእርሳስ ልሣል፣ አንቺ በላዩ ቀለም አስኪጂበት። የእርሳሱን ትርፍ ደግሞ አጥፊ።" እኔ ፈህሚያ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የፊልም ሠራተኛ ሆንኩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ተረት ማንም አላስታወሰም።

የመጀመሪያው ትልቅ ፊት የአያ ቢሻው ነበር። ጃቢር እርሳሱን ወረቀቱ እስኪጎደጎድ ድረስ ተጭኖ ሣለና ገፋ አደረገልኝ። አየሁት። ቀኝ ዓይኑ ግንባሩ ላይ፣ ቆቡ ሊነካው ነው። ግራው ደግሞ ጉንጩ መሐል። አፍንጫና አፉ ቦታቸው ላይ ናቸው። ወዲያው ገባኝ፤ ጨዋታው ነው። ትልቅ ስላደረገኝ ጨዋታውንም ትልቅ አድርጎልኛል። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ፤ ፈገግታውን ደብቆ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔም ፈገግታዬን ደበቅኩና ሁለቱን ዓይኖች ሙልጭ አድርጌ አጠፋኋቸው። በቦታቸው ልሥላቸው አሰብኩ፤ ግን ዓይን መሣል አልችልም ነበር፤ ደግሞም ዓይን ባይኖር አያቴ ደስ ይላቸዋል። ባዶውን ተውኩት።

በየቀኑ አንድ ሁለት ፊት ይመጣል። የዐዚዛ አንዱ ዓይን አንገቷ ላይ ነበር። የአንድ ቄስ ዓይኖች ጥምጣማቸው ላይ ተደርድረው፣ የአንዲት ሕፃን ዓይን ከጆሮዋ ውጭ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። አንዱም አላመለጠኝም። ጃቢር የጨረስኩትን ወረቀት ወደ ፊቱ አስጠግቶ ቁራጭ ቁራጩን ያያል፣ ሙሉውን ፊት በአንዴ እንደማያይ ያኔ አላወቅሁም፤ "ሸጋ ነው" ብሎ ያስቀምጠዋል። ሕጉ ሕግ ስለሆነ ሠላሳ ሁለቱ እስኪያልቁ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። በቁጥር ይዤ ሁሉንም በአንዴ ልነግረው፣ ምናልባት አንድ ሙሉ ፓኬት ከረሜላ ልቀበል ነበር ሐሳቤ።

የመጨረሻውን ፊት የጨረስነው ኢዮስያስ ሊወስድ በመጣበት ቀን ስለነበር ለመናገር ጊዜ አላገኘሁም። ወረቀቶቹን የሱቁ ባንኮኒ ላይና ጣቃዎቹ ላይ ዘረጋናቸው። ኢዮስያስ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጃቢርን ትከሻውን ያዘው።

"አትንገረኝ። ገብቶኛል። ንክች አላደርገውም።"

ጃቢር እንደዚያን ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ኢዮስያስ ወረቀቶቹን ጠቅልሎ ሲወጣ እኔ እስከ ደጅ ሸኘሁት። ሞተር ብስክሌቱን እያስነሳ፣ "አጎትሽ የዋዛ ሰው አይደለም" አለኝ። "ሳሩን አይተው ገደሉን ያላዩ በሬዎች አደረጋቸው እኮ።" ምን እንዳለ አልገባኝም። ቢገባኝ ኖሮ ያኔ ገና ሰኔ ነበር፤ ሐኪም ጋ ለመሄድ ጊዜ ነበረን።

አያቴም በዚያ ቀን አይተዋል። መነጽራቸውን አድርገው ከባንኮኒው ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ፤ በየፊቱ ላይ ቆም ይላሉ። ሠላሳ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ጁምዓ አንድ ሙክት በግ ታርዶ ሰደቃ ወጣ። ጎረቤቱ ተጠርቶ ዱዓ ተደረገ። አያቴ እንባ በጢማቸው ላይ እየወረደ ልጃቸውን መረቁት። ጃቢር ደግሞ አባቱ በመጨረሻ ሥዕሉን የተቀበሉለት መሰለው። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ መጀመሪያ ሳተና እጅጌያቸውን ነው የሳመው። ሁለት ዓመት ልባቸው የተራራቀ አባትና ልጅ እዚያ ሰው መሐል ተቃቀፉ። እኔ የዓይኖቹን ምሥጢር በሆዴ ይዤ የበጉን ሥጋ እበላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ፊልሙ ነሐሴ ላይ ተቀርጾ ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በአዳራሽ ታየ። አያቴ ፊልም ቤት አይገቡም፤ እናቴ፣ ጃቢርና እኔ ሄድን። ደረጃው ላይ ጃቢር ትከሻዬን ያዘ። እንደ ትልቅ ሴት ስለያዘኝ ኮራሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰዉ ሱፍ እየፈለፈለ፣ ላብ ይሸት ነበር። መብራት ሲጠፋ ጃቢር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"እስቲ የሚታይሽን ንገሪኝ።"

ፈተና ነው አልኩ። ነገርኩት። አውቶቡሱ ሲነሳ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ ዐዚዛ ነጩን ጨርቅ ስታስር። እሱ ዓይኑን ከመጋረጃው ሳይነቅል ይሰማኛል፤ እጄን አልለቀቀም። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እጁ ጠበቅ አለብኝ።

"ጉሙ ተገለጠ?"

"ተገለጠ። ገደሉ ይታያል።"

"አሁን ሰዎቹን ያሳያል። እንዴት ያያሉ?"

"አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።"

"ማን?"

"ሁሉም። ሾፌሩም። ጨፍኖ ይነዳል።"

ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "እኔ ዓይን ሥዬላቸው ነበር" አለ።

ጊዜዬ ደረሰ። አምስት ወር ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ነገር ወደ ጆሮው ተጠግቼ አፈሰስኩት። "አውቃለሁ። አግኝቻቸው አጠፋኋቸው። የአያ ቢሻው ግንባሩ ላይ ነበር፤ የዐዚዛ አንገቷ ላይ፤ የቄሱ ጥምጣም ላይ። ሁሉንም አገኘሁ፤ አንድ አልቀረኝም።"

"የስንት ሰው?"

"የሠላሳ ሁለቱም።"

"ቦታው ላይ የነበረ አንድም አልነበረም?"

"አንድም" አልኩ። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆንኩ የሚያሳይ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ሰዉ ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ። ያጨበጨቡት ለተጨፈኑት ዓይኖች ነው። ኢዮስያስ መድረክ ላይ ወጥቶ የጃቢርን ስም ጠራ። ጃቢር መጀመሪያ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ መተላለፊያውን ሲፈልግ ከፊት ያለው ወንበር ላይ ወደቀ። ሰዎች እየሳቁ አነሡት። "ደስታው ነው" ተባባሉ።

በሳምንቱ ዓይኑ እየከዳው መሆኑን ለእናቴ ነገራት፤ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ የሞተ ነርቭ አይነሣም አለ። ሁለት ዓመት፣ ቢያንስ አምስት ስድስት ወር ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ የነበረውን ብርሃን የዓይን ጠብታ ያቆይለት ነበር፤ አሁን ግን የተረፈው ጥቂት ነው፤ እሱንም እንሞክር እንጂ ቃል አልገባም አለ። አያቴ ጠብታውን ማታ ማታ በገዛ እጃቸው ይጨምሩለት ነበር። ጃቢርን አንጋለው፣ በቢስሚላህ፣ አንድ ቀን ሳያልፉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያቺም ጥቂት አለቀች። ያለቀች ቀን አያቴ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው፣ ለእናቴ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፣ "እኔ እኮ ዓይን ስለጠፋ ሹክር ብዬ በግ አርጄበታለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕል ክፉም ደግም ሳይናገሩ ነው የሞቱት። ላጲሱን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ሸክማቸው ይቀል ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ጃቢርን ጠየቅሁት። "ምነው ያኔ ቀድመህ አልሄድክ?"

ጨርቅ እያጠፈ ነበር። የያዘውን አጥፎ ጨረሰ። "ፈርቼ ነው። ግን ሥዕሉን ያየ ሁሉ አንድም እንከን አላወጣለትም። አንቺም፣ ኢዮስያስም፣ አባዬም። እንዲህ አድርጌ ከሣልኩማ ዓይኔ ገና ነው አልኩ።" ከዚያ ድምፄ ሲጠፋበት እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ። "ጨዋታውን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ይቅር ያለኝ በዚህ ነው። እኔ ግን ይቅርታውን ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን ሱቁን የምንይዘው እኔና እሱ ነን። ጨርቅ በጣቱ ያውቃል፤ ከሐር ጋር የተቀላቀለውን ክር ከሩቅ የሚያይ ነጋዴ እንኳ እንደሱ አይለይም። ባለፈው ወር ኢዮስያስ ከአዲስ አበባ ደወለ። "ጉም"ን መጽሐፍ አድርጎ ሊያሳትመው ይፈልጋል፤ እነዚያን ዓይን የሌላቸው ፊቶች ሰው አልረሳቸውም አለ። ወረቀቶቹንም በአውቶቡስ መልሶ ላከልን፣ እንድናያቸው። እንድናያቸው ነው ያለው፤ ክፋት የለውም፣ ቃሉ አመለጠው።

ጃቢር የመጨረሻውን ምዕራፍ አውጪልኝ አለ። መጋዘኗ ውስጥ በድሮው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። የመጀመሪያውን ወረቀት በመዳፉ ዳሰሰ፤ ከዚያ በጣቱ ጫፍ፣ የጨርቅ ጥራት እንደሚያይበት አድርጎ። ላጲስ እርሳስን ያጠፋል፤ የተጎደጎደ ወረቀትን ግን አያቀናም። ጣቱ ከአያ ቢሻው ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ፤ ቆቡ ሥር ቆመ።

"ይኸው አለች" አለ። ሳቀ። "አላህ ዓይንን ካስቀመጠበት ወጥቼ ኖሯል።"

ሁለተኛውን ጉንጩ ላይ አገኘው። ቀጣዩን ወረቀት ሰጠሁት፤ ዐዚዛን። የቀኙን አንገቷ ላይ አገኘ። ግራውን ፈለገ። ግንባሯን፣ ሻሿን፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ፣ የወረቀቱን ጠርዝ ዳሰሰ። ሁለት ጊዜ ዞረ።

"ግራዋን የት ነው ያደረግኳት?"

ወረቀቱን ወስጄ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አጋደልኩት። ጎድጓዳዎቹ ጥላ ይጥላሉ፤ ጠጉሯ፣ ከንፈሯ፣ አንገቷ ላይ ያለችው ዓይን ሁሉ ይታያሉ። ግራዋ የለችም። ያኔ ጠንክሬ አጥፍቻት ይሁን፣ እሱ ከወረቀቱ ውጭ ጠረጴዛው ላይ ሥሏት ይሁን፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልሣላት ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ጠረጴዛውን ሳይቀር በእጄ ዳሰስኩት። እሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቀኛል፤ ፊቱ ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው።

"አላገኘሁም" አልኩት።

ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "ደግመሽ ፈልጊ" አለኝ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ መልሼ ደግሜ ፈለግሁ።